የዓይን ሞራ ዘመቻ ካለፈ በኋላ፦ የዶክተር ቬንካታስዋሚ ሥራ ለሐዋሳ ምን ይጠቅማል?

ሐዋሳ ላይ ነፃ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ይሰጣል ሲባል ከሸበዲኖ፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከሁላና ከቦሪቻ አዛውንት በልጅ ልጆቻቸው እጅ እየተመሩ ይመጣሉ። ዘመቻው ጥቂት ቀናት ይቆያል። በቻለው መጠን ይሠራል፤ ፋሻው ሲፈታ እልልታው ይቀልጣል። ተራ ያልደረሰው፣ ወሬውን ዘግይቶ የሰማው፣ በዚያ ሳምንት የሚያመጣው ሰው ያጣው ሁሉ «ቀጣዩን ዘመቻ ጠብቁ» ተብሎ ይመለሳል። ሞራ ግን በየቀኑ ይበስላል። ዘንድሮ በአንድ ዓይኗ የምታይ እናት ለከርሞ በሁለቱም ልትጋረድ ትችላለች፤ የዚያን ጊዜ መንገድ የሚመራት ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል።

ነገሩ ትንሽ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ከዓይነ ስውርነቱ 49.9 በመቶ የሚሆነውን ያመጣው የዓይን ሞራ ነው፤ በትራኮማ የሚመጣው የብሌን ጠባሳ 11.5 በመቶ ነበር። የትራኮማ ጠባሳ የበላውን ብሌን መመለስ ከባድ ነው። ሞራን ግን የሠለጠነ እጅ ከአሥር ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያወጣዋል። ታዲያ ሥራው ይህን ያህል አጭር ከሆነ ሰልፉ ለምን አያልቅም?

ይህን ጥያቄ ይዘው ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ ህንዳዊ ሐኪም ነበሩ። ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ይባላሉ፤ በዓለም የዓይን ሕክምና ዘንድ የሚታወቁት ግን በአጭሩ ዶክተር ቪ ተብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 በደቡብ ህንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ፣ ቫዳማላፑራም በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ የቅርብ ዘመዶቻቸው በወሊድ ሲሞቱ አይተው ስለነበር ሐሳባቸው የማህፀንና የፅንስ ሐኪም መሆን ነበር። በ1944 ማድራስ ከሚገኘው የስታንሊ ሕክምና ኮሌጅ ተመርቀው በጦር ሠራዊት ውስጥ ሲያገለግሉ ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ጣላቸው። ረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ዋሉ፤ ጣቶቻቸው ተቆለመሙ፤ ብዕር መጨበጥ እንኳ አቃታቸው። የማዋለድ ሐሳብ እዚያው ቀረ።

በዚያ እጅ ነው ወደ ዓይን ሕክምና የዞሩት። ለጣቶቻቸው የሚስማሙ መሣሪያዎች እየተበጁላቸው፣ ስለቱን መያዝ እንደ አዲስ ተለማመዱ፤ በሕይወት ዘመናቸውም ከ100,000 በላይ የዓይን ቀዶ ሕክምና ሠሩ። ስማቸው ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ይህ ቁጥር ነው፤ ሊወራም ይገባዋል። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን የአሠራራቸው አካሄድ ነው። በ1956 በማዱራይ የመንግሥት ሕክምና ኮሌጅ የዓይን ክፍል ኃላፊ ሆኑ፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ገጠር ለገጠር እየዞሩ የዓይን ዘመቻ ማካሄድ ጀመሩ። ማለትም እሳቸውም የጀመሩት እኛ ዛሬ ካለንበት ነው፤ ድንኳን ተተክሎ፣ ትምህርት ቤት ተጠርጎ፣ እዚያው ይቀደድ ነበር።

የዚያ ዘመን ቀዶ ሕክምና ከዛሬው ይለያል። ሞራ የያዘው የዓይኑ የተፈጥሮ ሌንስ ከነከረጢቱ ይወጣል፤ በምትኩ የሚገባ ነገር የለም። ታካሚው የጠርሙስ ቂጥ የሚመስል፣ ኃይሉ እስከ 10 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ ነው) የሚደርስ ወፍራም መነጽር ይሰጠዋል። መነጽሩ የተሰበረ ወይም የጠፋ ዕለት ሰውየው ተመልሶ ዓይነ ስውር ነው። ሰው ሠራሽ ሌንስ ዓይን ውስጥ መትከልን እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊ ለንደን በሚገኘው ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የጀመሩት በ1949 ነው። ሐሳቡን ያገኙት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተጎዱ አብራሪዎች ነበር፤ ከአውሮፕላኑ ግልጽ ሽፋን የተሰነጠረው ፕላስቲክ ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ሳያስቆጣ ሲቀመጥ ተመለከቱ። ይሁንና ሌንሱ ለድሃ አገር ታካሚ ሳይደርስ አርባ ዓመት አለፈ። ዋጋው አይቀመስም ነበር።

ዶክተር ቪ በ1976፣ በ58 ዓመታቸው፣ በሕግ ጡረታ ወጡ። ቤታቸውን አስይዘው፣ እኅታቸውን፣ የእኅታቸውን ባልና ሌሎች ዘመዶቻቸውን አሰባስበው አራቪንድ የተባለውን የዓይን ሆስፒታል ማዱራይ ላይ በ11 አልጋ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያርፉ ያ ቤት በዓለም ላይ ብዙ የዓይን ቀዶ ሕክምና ከሚሠራባቸው ተቋማት አንዱ ሆኖ ነበር። በ1992 ኦሮላብ የሚባል የራሱን የሌንስ ፋብሪካ አቋቁሞ፣ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረውን ሌንስ መጀመሪያ ወደ 10 ዶላር አካባቢ፣ ኋላም ከዚያ በታች አወረደው። ዛሬ አገራችን ውስጥ የሞራ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ የሌንሱ ዋጋ ዋናው እንቅፋት ያልሆነው እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች ስለተከፈቱ ነው።

ትልቁ እርምጃ ግን ዘመቻውን መለወጣቸው ነው። ቀስ በቀስ ድንኳን ውስጥ መቅደድ ቆመ። ዘመቻው ሰው መመርመሪያና መለያ ሆነ፤ ሞራ የተገኘበት ሰው በዚያው ዕለት አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ሆስፒታሉ ይሄዳል፣ ይሠራለታል፣ ያድራል፣ ተመልሶ መንደሩ ይደርሳል። መጓጓዣና ምግብ አብሮ ካልተሰጠ ሕክምናው ነፃ መሆኑ ብቻ ሰው እንደማያመጣ በሥራ አይተውታል። ይህ ሲዳማ ውስጥም ያው ነው። ከበንሳ ወይም ከአርቤጎና የሚመጣ አዛውንት ብቻውን አይንቀሳቀስም፤ የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ የሁለት ሰው ምግብ፣ የሁለት ሰው ማደሪያ ይፈልጋል፤ አብሮት የሚመጣው ሰው ደግሞ የእርሻ ወይም የገበያ ቀኑን ይተዋል። «ሕክምናው ነፃ ነው» ስንል ይህ ወጪ ሁሉ እንዳለ ቤተሰቡ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ነገር የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛው ነው። ስለ ቀዶ ሐኪም ፍጥነት ብዙ ይወራል፤ የሚባክነው ጊዜ ግን በአብዛኛው ከቅደዱ ውጭ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሐኪም ሞራውን በ8 ደቂቃ ያወጣል እንበል። ታካሚው እስኪወርድ፣ ቀጣዩ እስኪገባ፣ እስኪታጠብ፣ መሣሪያው እስኪቀየር 25 ደቂቃ ከሄደ አንድ ሰው 33 ደቂቃ ወሰደ ማለት ነው፤ በ6 ሰዓት 10 ወይም 11 ሰው። ሐኪሙ ፈጥኖ በ6 ደቂቃ ቢጨርስ ለውጡ አንድ ሰው ብቻ ነው። የመለዋወጫውን ጊዜ ከ25 ወደ 4 ደቂቃ ብናወርደው ግን ያው ሐኪም፣ በዚያው እጁ፣ በ6 ሰዓት 30 ሰው ይደርሳል። አራቪንድ ይህን ያደረገው ለአንድ ሐኪም ሁለት ጠረጴዛ በማዘጋጀት ነው። አንዱ ላይ ሲሠራ ሌላው ላይ ታካሚው ተኝቶ፣ ተሸፍኖ፣ መሣሪያው ተደርድሮ ይጠብቃል፤ ማይክሮስኮፑ በክንዱ ዞሮ ወደዚያ ይሄዳል። ማጠቡን፣ እይታ መለካቱን፣ ሌንስ ማስላቱን፣ ታካሚ ማስረዳቱን የሚሠሩት ከገጠር ተመልምለው ሁለት ዓመት የሚሠለጥኑ ወጣት ሴቶች ናቸው። በዚህ አሠራር አንድ ሐኪም በዓመት እስከ 2,000 ሞራ ያወጣል።

ይህን ሲሰሙ «ጥድፊያ ኢንፌክሽን ያመጣል» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ የቀዶ ሕክምናው ዝርዝር ግን ጥድፊያ የሚጎዳው የቱ ጋ እንደሆነ ያሳያል።

ታካሚው የሚሠራለት ነቅቶ ነው። በዓይኑ ኳስ ዙሪያ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ማደንዘዣ ይወጋል፤ ውስጣዊ ግፊቱ እንዲቀንስ ዓይኑ ለጥቂት ጊዜ ይጫናል። ከዚያ 5 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ዓይኑ ውስጥ ጠብ ተደርጎ ሦስት ደቂቃ ይቆያል። ሰው ሲበዛ መጀመሪያ የምትሰረቀው ይህች ሦስት ደቂቃ ናት፤ ጀርሙን የምትገድለው ግን እሷ ናት። በሁለት ጠረጴዛ አሠራር ሐኪሙ ሌላው ላይ እየሠራ ስለሆነ ሦስቱ ደቂቃ ከማንም አይቀነስም፤ ባንድ ጠረጴዛ ግን ሁሉም ቆሞ ሰዓት ይቆጥራል፣ ይቸኮላል።

ቅደዱ የሚጀምረው ከነጩ የዓይን ክፍል ላይ ነው። ከኮርኒያው (በዓይን ፊት ካለው ግልጽ ሽፋን) ጠርዝ 1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ፣ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ውፍረቱን እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ የሚቆርጥ መስመር ይሠመራል። ከዚያ በጨረቃ ቅርጽ ምላጭ ወደ ፊት ይቦረቦራል፤ ከውጭ ጠበብ፣ ከውስጥ ሰፋ ያለ ዋሻ ይሆናል። ዋሻው ከሳሳ ጣሪያው ይቀደዳል፤ ከጠለቀ ስለቱ ያለ ቦታው ዓይን ውስጥ ይገባና ባለቀለሙ የዓይን ክፍል፣ አይሪሱ፣ ተከትሎ ይወጣል። በትክክል ከተሠራ የዓይኑ የራሱ ግፊት ከውስጥ ገፍቶ ይዘጋዋል፤ ስፌት አያሻም። ስፌት ከሌለ ደግሞ ክር ለማውጣት ከአርቤጎና ሐዋሳ የሚመለስ ሰው የለም።

ቀጥሎ የሌንሱ ከረጢት ፊቱ በክብ ይከፈታል። ሞራው ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ ከረጢቱ ለዓይን ስለማይለይ ትራይፓን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ቀለም ይነከራል። የሌንሱ ጠንካራ መሐል፣ ፍሬው፣ ተላቆ ወደ ፊተኛው የዓይን ክፍል ይወጣል፤ ከላይና ከታች ዝልግልግ ጄል ተሞልቶ በዋሻው በኩል ይጎተታል። የኮርኒያው የውስጥ ሽፋን ሴሎች አንዴ ከተፋቁ አይተኩም፤ ጄሉ የሚሞላው እነሱን ለመጠበቅ ነው። ጄል ሲያጥርና በቁጠባ ሲሠራ፣ በተለይ ፍሬው ቡናማና ጠንካራ ከሆነ፣ በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ኮርኒያው አብጦ ጉም ይመስላል። አንዳንዱ በሳምንት ውስጥ ይጠራል፤ አንዳንዱ ጨርሶ አይጠራም። የቀረው ፍርፋሪ ታጥቦ፣ ሌንሱ ከረጢቱ ውስጥ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ በየመንደሩ የሚሰማውን «ሞራው እስኪበስል ጠብቂ» የሚለውን ምክር ማንሳት ግድ ነው። ምክሩ ከባዶ አልመጣም። ሌንሱ ከነከረጢቱ በሚወጣበት፣ ወፍራም መነጽር በሚሰጥበት ዘመን ሐኪሞች ራሳቸው የሚናገሩት ነበር። ዛሬ ግን ይጎዳል። የቆየ ሞራ ይጠነክራል፣ ሲወጣ ኮርኒያውን ይፍቃል፤ አንዳንዴም አብጦ ወይም ፈስሶ የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ይህ ሕመም ያለበት ግላኮማ የእይታን ነርቭ ከገደለ ሞራው ቢወጣም ብርሃን አይመለስም። የአንዱ ጎረቤት ዓይን «ከተሠራ በኋላ ጠፋ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው፤ ወሬው ሌሎች አሥር ሰዎችን ያስቀራል።

ኢንፌክሽኑን በተመለከተ፣ በዚሁ በአራቪንድ ከ600,000 በሚበልጡ ቀዶ ሕክምናዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ በሥራው ማብቂያ ላይ ሞክሲፍሎክሳሲን የተባለው መድኃኒት ዓይን ውስጥ ሲጨመር የውስጠ ዓይን ኢንፌክሽን ከ0.07 በመቶ ወደ 0.02 በመቶ ወርዷል። ሁለቱም ቁጥሮች ትንሽ ናቸው። ብዛት በራሱ ጥራትን አይገድልም፤ ሥርዓት የሌለው ብዛት ነው የሚገድለው። ይሁን እንጂ ኢንፌክሽን ዜሮ አይሆንም። የሚመጣውም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው፤ ዓይኑ ያመዋል፣ ይቀላል፣ ተመልሶ የነበረው እይታ ይወርዳል። በዚያው ዕለት ቫንኮማይሲን 1 ሚሊ ግራምና ሴፍታዚዲም 2.25 ሚሊ ግራም ዓይን ውስጥ መወጋት አለበት፤ አንድ ቀን ማደሩ ዓይኑን ሊያሳጣ ይችላል። የዘመቻ ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው። አደጋው በሚመጣባቸው ቀናት የቀደዱት ሐኪሞች ዕቃቸውን ጠቅልለው ሄደዋል። ታካሚዋ ዓይኗን ያመማት ሌሊት ለማን ትደውል?

ብዙም የማይወራበት ሌላ ጉድለት የሌንስ ኃይል ልኬት ነው። የኮርኒያውን ጥምዝና የዓይኑን ርዝመት ለክቶ የሚያሰላው ቀላሉና የቆየው ቀመር እንዲህ ነው፦ የሌንሱ ቋሚ ቁጥር፣ ሲቀነስ 2.5 ጊዜ የዓይኑ ርዝመት፣ ሲቀነስ 0.9 ጊዜ የኮርኒያው ኃይል። ቋሚው 118፣ ርዝመቱ 23.5 ሚሊ ሜትር፣ ኮርኒያው 43.5 ዳዮፕተር ቢሆን፣ 118 ሲቀነስ 58.75 ሲቀነስ 39.15፤ 20 ዳዮፕተር ያህል ይመጣል። ዛሬ የተሻሉ ቀመሮች አሉ፤ ስህተቱ የሚገባበት በር ግን ያው ነው። ርዝመቱ በ1 ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ ሌንሱ በ2.5 ዳዮፕተር ይሳሳታል። በአልትራሳውንድ ሲለካ ብዕር መሰሉ ጫፍ ኮርኒያውን በትንሹ ከተጫነው ዓይኑ ካለው ርዝመት አጥሮ ይነበባል፤ ስለዚህ ከሚገባው የበረታ ሌንስ ይገባል፤ ታካሚው የቅርብ እንጂ የሩቅ አያይም። ቀዶ ሕክምናው አምሮ የተሠራለት ሰው የመስክ ከብቱን ለመለየት ሲቸገር ምክንያቱ ከቀዶ ክፍሉ በፊት፣ ሰልፍ በበዛበት የልኬት ጠረጴዛ ላይ የተጫነች አንዲት እጅ ልትሆን ትችላለች። በዘመቻ ለሁሉም 20 ወይም 21 ዳዮፕተር እየተባለ ሳይለካ የሚገባበት አሠራር ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ በዚህ ዘመን ሊቀጥል አይገባም።

ይህ ጉዳይ አሁን በዓለም ደረጃም ተነስቷል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ያጸደቀው ግብ አገሮች እስከ 2030 ውጤታማ የሞራ ቀዶ ሕክምና ሽፋናቸውን በ30 መቶኛ ነጥብ እንዲያሳድጉ ይጠይቃል። «ውጤታማ» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። የተሠራለት ሰው ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ከተሠራለት በኋላ እይታው 6/12 (ጤናማ ዓይን በ12 ሜትር የሚያየውን በ6 ሜትር ማየት) ወይም ከዚያ የተሻለ ያልሆነ ሰው አይቆጠርም።

ሐዋሳ ለዚህ ሥራ መነሻ አላት። የዩኒቨርሲቲው ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ሰዉ «ሪፈራል» የሚለው፣ የዓይን ክፍል አለው፤ የዓይን ባለሙያም የሚሠለጥንበት ነው። ሲዳማ ሕዝቡ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ምድር ነው፤ መንገዶቹም ወደ ሐዋሳ ይወርዳሉ። ይርጋለም 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዘመቻ ይቅር አንልም። ለዘመቻ የሚመደበው ገንዘብና ጉልበት ግን ቢያንስ ግማሹ ወደ ሌላ ቦታ ቢዞር ይሻላል፤ በየወረዳው በወር አንድ ቀን በገበያ ዕለት ምርመራ፣ ሞራ የተገኘበትን በዚያው ቀን የሚያመጣ መኪና፣ ሐዋሳ ላይ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን የማይቋረጥ የሞራ ጠረጴዛ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሦስት ሜትር ርቀት ጣት መቁጠር ያልቻለን ሰው ለይታ መዝግባ መጠበቅ አያቅታትም፤ የሚያቅታት የላከችው ሰው ሳይሠራለት ሲመለስ ሁለተኛ መላክ ነው።

ሌላው ቋንቋ ነው። ታካሚው ነቅቶ ስለሆነ የሚሠራለት «ወደ ታች ይመልከቱ፣ አይሳሉ፣ እጅዎን አያንሱ» መባል አለበት። ሲዳምኛ ብቻ የሚናገሩ እናት በማይገባቸው ቋንቋ ጨርቅ ተሸፍነው ሲታዘዙ ይደነግጣሉ፤ ሲደነግጡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ትንፋሽ ሲያዝ የዓይን ግፊት ይነሳል፣ ከረጢቱ ወደ ፊት ይገፋል፣ ይቀደዳል። አጠገባቸው ቆማ እጃቸውን ይዛ በሲዳምኛ የምታነጋግር ነርስ መኖሯ እንደ ማደንዘዣው ሁሉ የሥራው አካል ነው። ዶክተር ቪ ረዳቶቻቸውን ከመንደር የመለመሉበት አንዱ ጥቅም ይኸው ነው።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር። አራቪንድ ውስጥ ድሃ መሆኑን የሚያስመሰክር የለም። የሚከፍለውና የማይከፍለው በር ጎን ለጎን ነው፤ ታካሚው ራሱ ይመርጣል። ከፋዩ የተሻለ ክፍልና አልጋ ያገኛል፤ ሐኪሞቹ ግን በሁለቱም በኩል እየተዘዋወሩ ይሠራሉ። በእኛ ዘንድ ነፃ ለመታከም ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ደብዳቤ ማምጣት የተለመደ ነው፤ ለማያይ ሰው ያ ደብዳቤ ሁለትና ሦስት ቀን ምልልስ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነውም ቢሆን የሪፈር ወረቀቱን ደረጃ በደረጃ ይዞ መውጣት አለበት። ወረዳ ላይ በምርመራው ዕለት ሪፈሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቢጻፍ ይህ ሁሉ ምልልስ ይቀራል።

በመጨረሻ የሚቀረው ክትትሉ ነው። የስቴሮይድ ጠብታው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እየተቀነሰ ይሰጣል፤ ብዙዎች ግን በሁለተኛው ሳምንት ያቆማሉ፣ ዓይኑ ስላላመማቸው። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ከሌንሱ ጀርባ የቀረው ከረጢት ሊደበዝዝ ይችላል፤ ሰዉ «ሞራው ተመለሰ» ይላል። ሞራ አይመለስም፤ ያግ በሚባል ሌዘር ያለ ምንም ቅደድ በደቂቃዎች ውስጥ ከረጢቱ መሐሉ ይከፈታል። ይህን የሚያውቅ ሰው በመንደሩ ከሌለ ግን አንዴ ብርሃን ያየች እናት «አበቃልኝ» ብላ ቤቷ ትቀመጣለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ታካሚ ሲወጣ በሚሰጠው ካርድ ላይ የገባለት ሌንስ ኃይል፣ በማግስቱና ከአርባ ቀን በኋላ የተለካው እይታ፣ ዓይኑ ቢቀላ ሌሊትም ቢሆን የሚደወልበት ስልክ ይጻፍ፤ እይታው ከ6/60 በታች የቀረበት እያንዳንዱ ዓይን ደግሞ ምክንያቱ በመዝገብ ተጽፎ የዓይን ክፍሉ በየወሩ ይቀመጥበት።